ሁለተኛ ገመድ ያልደረሰበት ሰፈር፦ የአሜሪካ የኬብል ኢንተርኔት ደንበኞች ምሬት ከየት ይመነጫል?

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ድንበራቸውን በከፊል የሚያሰምረው ፎር ማይል ረን የሚባል ትንሽ ወንዝ ነው። የኪራዩ ውድነት፣ የነዋሪው ዓይነት፣ ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ብዙም አይለያይም፤ ኢትዮጵያውያንም በሁለቱም በኩል ይኖራሉ። የቤት ኢንተርኔት ላይ ሲደረስ ግን ያ ትንሽ ወንዝ ትልቅ ድንበር ሆኖ ቆይቷል። በአርሊንግተን የኮምካስት የኬብል መስመርና የቬራይዘን የፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ገመድ) መስመር በአብዛኛው ሰፈር አብረው ያልፋሉ። ቬራይዘን እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ፋይበሩን ወደ አዳዲስ ከተሞች ማስፋፋቱን ሲያቆም ግን አሌክሳንድሪያ ከመስመሩ ውጭ ቀረች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ፈጣን የቤት ኢንተርኔት የፈለገ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የሚደውልለት ኩባንያ አንድ ብቻ ነበር። ከተማዋ ቲንግ ከተባለ ሌላ ኩባንያ ጋር ፋይበር ለማስዘርጋት የተስማማችው በ2021 ነው።

ስለ ኬብል ኢንተርኔት ስናማርር አብዛኛውን ጊዜ የምናማርረው በሰው ነው። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ አመናጨቀን፣ ቴክኒሻኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቁኝ ብሎ ቀረ፣ ሂሳቡን ያስተካከለው ሰው የባሰ አበላሸው እንላለን። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ በደሎች ናቸው። ሆኖም የበደሉ ሥር ያለው በደንበኛው አድራሻ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ያው አንድ ኩባንያ ተወዳዳሪ ባለበት ጎዳና ላይ ጨዋ፣ በሌለበት ጎዳና ላይ ደግሞ ማን አለብኝ ባይ ሆኖ ይገኛል። ጠባዩን የሚወስነው በቤታችሁ ደጃፍ የሚያልፉት ገመዶች ቁጥር ነው።

ምሬቱ ምን እንደሚመስል አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ዓመታት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ሂሳቡ ያለ ማስጠንቀቂያ የመጣ ያህል ያሻቅባል። የሞደም ኪራይ ይጨመራል፤ በብዙ ኩባንያዎች በወር ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው። በወር 15 ዶላር ለሦስት ዓመት ሲከፈል 540 ዶላር ይሆናል፤ ከሱቅ የሚገዛ ተመሳሳይ ሞደም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዶላር አይበልጥም። ቴሌቪዥን አብሮ ከተወሰደ ደግሞ የመንግሥት ግብር የሚመስል ስም የተሰጣቸው፣ ኩባንያው ራሱ የፈጠራቸው ክፍያዎች ይደረደራሉ። ዋጋውን ለማስቀነስ የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ እየደወለ ስልክ ላይ ደጅ መጥናት፣ ካልሆነም አገልግሎቱን እንደሚያቋርጥ ማስፈራራት አለበት። እንግሊዝኛው የማይፈስለት፣ ወይም በሁለት ፈረቃ የሚሠራና ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ይህ አሠራር ክርክር የሚችለውን እየማረ ዝም የሚለውን የሚያስከፍል ነው፤ ዝም የሚሉት ደግሞ አዛውንቶችና አዲስ ገቢዎች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

በ2014 አንድ የኮምካስት ደንበኛ አገልግሎቱን ለማቋረጥ ደውሎ የቀዳው ንግግር በመላ አሜሪካ ተሰማ። ስምንት ደቂቃ ያህል በሚረዝመው ቅጂ ሠራተኛው ጥያቄውን አልቀበል ብሎ ለምን፣ ለምን እያለ ደንበኛውን ያስጨንቃል። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ከይቅርታው ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ግን አንድ የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ በኋላ ለሠራተኞቻቸው የጻፉት ማስታወሻ ነው፤ ሠራተኛው ካደረገው ብዙው ኩባንያው ያሠለጠነውና የሚከፍለው እንዲያደርግ መሆኑን አምነዋል። ስለዚህ በስልኩ ማዶ ያለውን ሰው መስደብ የት እንደማያደርስ ግልጽ ነው። እሱም ደንበኛ እንዳያመልጥ በር ላይ የቆመ ተቀጣሪ ነው።

የፍርድ ቤትና የመንግሥት መዝገቦችም ምሬቱ ከግለሰብ ጠባይ የሰፋ መሆኑን ይመሰክራሉ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2016 ኮምካስት ደንበኞች ያላዘዙትን አገልግሎትና ዕቃ አስከፍሏል በሚል ምርመራ 2.3 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2019 አንድ ዳኛ ያው ኩባንያ የግዛቱን የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ከ445,000 ጊዜ በላይ ጥሷል ብለው 9.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈርደዋል፤ ጉዳዩ ሰዎች ሳይስማሙ የተመዘገቡበትን የጥገና ዋስትና የሚመለከት ነበር። በኒው ዮርክም ቻርተር፣ ሕዝቡ ስፔክትረም በሚል ስም የሚያውቀው ኩባንያ፣ የተባለው ፍጥነት ሳይደርሳቸው ሲከፍሉ ስለኖሩ ደንበኞች ተከስሶ በ2018 መጨረሻ በ174.2 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል። ከዚህ ውስጥ 62.5 ሚሊዮን ዶላሩ በቀጥታ ለደንበኞች የተመለሰ ነው። በሌላ ንግድ ይህን ያህል የተወቀሰ ድርጅት ደንበኞቹ ይሸሹታል። ከኬብል ኩባንያ ግን ወዴት ይሸሻል?

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ሄዶ ገመዱ በማን ፈቃድ እንደተዘረጋ ማየት ይጠቅማል። ኬብል የተወለደው በ1948 ገደማ እንደ ፔንሲልቬንያና ኦሪገን ባሉ ግዛቶች፣ ተራራ የቴሌቪዥን ሞገድ በከለለባቸው ከተሞች ነው። ነጋዴዎች ተራራው ላይ ትልቅ አንቴና ተክለው ምስሉን በገመድ ወደየቤቱ አወረዱት። ገመዱ በመንገድ ዳርና በምሰሶ ላይ ስለሚያልፍ የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ከተሞችም ፍራንቻይዝ የሚባለውን ውል ብዙውን ጊዜ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ሰጡ። ለአንድ ከተማ አንድ የቴሌቪዥን ገመድ ይበቃል የሚል አስተሳሰብ ነበር። በ1992 ኮንግረስ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሰጥ ውል የሚከለክል ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ሕጉን ሳይፈርሙ ቢመልሱትም ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሻረባቸው፤ በዘመናቸው የተሻረባቸው ብቸኛ ውሳኔ ይህ ነው። ሕዝቡ በኬብል ዋጋ ምን ያህል ተማሮ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ክልከላው ግን ዘግይቶ መጣ። ገመዱ አንዴ ተዘርግቷል፤ ሁለተኛ የሚዘረጋ ግን አልተገኘም። በ1990ዎቹ ኩባንያዎቹ ከተሞችን እርስ በርስ ተለዋወጡ፤ አንዱ በሌላው አካባቢ ያለውን ደንበኛ አስረክቦ በራሱ አካባቢ ያለውን ተረከበ። ወጪ ለመቀነስና ሥራን በአንድ ቦታ ለማሰባሰብ ነው ቢባልም፣ ውጤቱ አገሪቱ የኬብል ግዛቶች ተከፋፍላ መቅረቷ ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ ለቴሌቪዥን የተዘረጋው ገመድ ከስልክ ሽቦ የበለጠ የመሸከም አቅም እንዳለው ታወቀ፤ የቴሌቪዥን ብቸኛ ሻጭ የነበረው ኩባንያም የኢንተርኔት ዋና ሻጭ ሆነ።

አገር ቤት ላደገ ሰው አንድ ኩባንያ ብቻ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 አገልግሎት እስከጀመረበት ጊዜ ድረስ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ነበር፤ ያም በመንግሥት ውሳኔ የሆነ ስለነበረ ወቀሳው ወዴት እንደሚላክ ይታወቅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ብቸኛ አቅራቢ ይኑር የሚል አዋጅ የለም፤ ሕጉ እንዲያውም ውድድርን ይሰብካል። ሆኖም ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ለሚያየው ሰው ነገሩ ያው ነው። ልዩነቱ ኃላፊነቱን የሚወስድ አካል አለመገኘቱ ነው፤ ከተማው በፌዴራል መንግሥት፣ የፌዴራል መንግሥቱ በገበያው፣ ገበያው በወጪው ያመካኛል።

ሌላ መንገድ እንደነበረ በአውሮፓና በእስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ያውቃሉ። ለንደን ውስጥ አንድ ሰው ኦፕንሪች በሚባለው ድርጅት መስመር ላይ የብዙ ኩባንያዎችን አገልግሎት ማማረጥ ይችላል፤ መስመሩን የዘረጋው ድርጅት ለሌሎች ሻጮች በጅምላ እንዲያከራይ በሕግ ይገደዳል። እስራኤልም ከ2015 ጀምሮ ቤዜቅ የተባለው የስልክ ኩባንያ መስመር ለሌሎች አቅራቢዎች በጅምላ እንዲከራይ አድርጋለች። አሜሪካም በ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ የስልክ ኩባንያዎችን በዚህ መንገድ ለማስገደድ ሞክራ ነበር። በ2002 ግን የፌዴራሉ ኮሚሽን የኬብል ኢንተርኔት እንደ ስልክ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት አይደለም፣ የመረጃ አገልግሎት ነው ብሎ መደበው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 በ6 ለ3 ድምፅ ይህን ምደባ አጸና። ከዚያ ወዲህ የኬብል ኩባንያ ገመዱን ለተወዳዳሪ የማከራየት ግዴታ የለበትም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለተራው ቤተሰብ ኪስ የከበደው ይህ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ከውሳኔው በኋላ መወዳደር የፈለገ ሁሉ የራሱን ገመድ ከዜሮ ጀምሮ መዘርጋት ግድ ሆነበት።

ከዜሮ መጀመር ምን ማለት ነው? መንገድ መቆፈር ወይም ምሰሶ ላይ መስቀል፣ በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ማለፍ፣ ከዚያም ከነዚያ ቤቶች ስንቶቹ ደንበኛ እንደሚሆኑ ሳይታወቅ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ የዘረጋው ኩባንያ ወጪውን ድሮ መልሷል፤ ሁለተኛው ሲመጣ በዚያ ሰፈር ብቻ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሊያዳክመው ይችላል። ሁለተኛው ይህን ስለሚያውቅ ብዙውን ጊዜ አይመጣም፤ ከመጣም ሀብታም ሰፈር መርጦ ይመጣል።

ገንዘብ ያለውም ቢሆን ምሰሶው ላይ ይታገታል። የመብራት ምሰሶ አብዛኛውን ጊዜ የመብራት ኃይል ወይም የስልክ ኩባንያ ንብረት ነው፤ አዲስ ገመድ ለመስቀል በፊት የተሰቀሉት መጠጋጋት አለባቸው፤ እነሱን የሚያጠጋጋው ደግሞ የእያንዳንዱ ገመድ ባለቤት ራሱ ነበር። ባለቤቶቹ እነማን ናቸው? አዲሱ መጪ ሊወዳደራቸው የተነሳው ድርጅቶች ናቸው። ጉግል በ2010 ፋይበር ልዘርጋ ብሎ ሲያስታውቅ ከ1,100 በላይ ማኅበረሰቦች ወደ እኛ ና ብለው ማመልከቻ አስገቡ፤ የካንሳስ ግዛት ዋና ከተማ ቶፒካማ ለአንድ ወር ስሟን ጉግል ብላ ለወጠች። የሕዝቡ ጥማት ይህን ያህል ነበር። ናሽቪል ላይ ግን ሥራው በምሰሶ ተጓተተ። ከተማዋ በ2016 አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ ሁሉንም ገመድ እንዲያጠጋጋ የሚፈቅድ ደንብ ብታወጣ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲና ኮምካስት ከሰሷት፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2017 ደንቡን ሻረው። የፌዴራሉ ኮሚሽን ተመሳሳይ ደንብ ለአገሪቱ ያወጣው በ2018 ሲሆን ጉግል በዚያን ጊዜ ወደ አዳዲስ ከተሞች መስፋፋቱን ገትቶ ነበር።

የአፓርታማ ነዋሪ ደግሞ ሌላ በር ይዘጋበታል። ሕንፃው ደጃፍ ሁለት ገመድ ቢያልፍም ባለንብረቱ ከአንዱ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ኩባንያ ብቻ መግቢያ የሚሰጥ ውል ከ2007 ጀምሮ ለኬብል ኩባንያዎች ተከልክሏል፤ ነገር ግን ባለንብረቱ ከደንበኞች ክፍያ ድርሻ እየተቀበለ ሌላውን የማያበረታታበት አሠራር ቀጠለ። ኮሚሽኑ በ2022 ከዚህ ዓይነት የገቢ መጋራት ዋና ዋናዎቹን ከልክሎ፣ ብቸኛ የማስተዋወቅ ውል ያለበት ኩባንያ ይህንኑ ለተከራዩ በግልጽ እንዲነግር አዟል። ብዙ ተከራይ ግን ይህን መብቱን አያውቅም፤ ቁልፍ ሲቀበል የተሰጠውን ወረቀት አይቶ ሌላ ምርጫ የለም ብሎ ይፈርማል።

ኩባንያዎቹ እንደማይወዳደሩ በራሳቸው አንደበት የተናገሩበት ጊዜም አለ። ኮምካስት በየካቲት 2014 ታይም ዋርነር ኬብልን በ45 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ ብሎ ሲነሳ፣ ግዢው ውድድርን አይጎዳም ብሎ ያቀረበው ዋና መከራከሪያ ሁለቱ በአንድም የፖስታ ቁጥር ክልል የማይገናኙ መሆናቸውን ነበር። እውነቱን ነው፤ አይገናኙም። የአገሪቱ ሁለት ታላላቅ የኬብል ኩባንያዎች በአንድም ሰፈር ለአንድም ደንበኛ ተወዳድረው የማያውቁ መሆናቸው በመከላከያ ማስረጃነት መቅረቡ ግን ደንበኛው ለምን እንደሚማረር ከማንኛውም ጥናት በላይ ያስረዳል። ግዢው የመንግሥት ተቃውሞ ገጥሞት በሚያዝያ 2015 ቀረ። ታይም ዋርነር ኬብልን በቀጣዩ ዓመት ቻርተር ወሰደው። ያው ቻርተር በግንቦት 2025 ደግሞ ኮክስ የተባለውን ሌላ የኬብል ኩባንያ በ34.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። የሁለቱም ግዛት በአብዛኛው የተለያየ ስለሆነ ያው መከራከሪያ እዚህም የሚሠራ ነው።

አድራሻ ጠባይን ይወስናል ላልኩት ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው የዳታ ገደብ ነው። ኮምካስት በብዙ ግዛቶች በወር ከ1.2 ቴራባይት (1,200 ጊጋባይት ገደማ) በላይ የተጠቀመን ቤተሰብ ለየ50 ጊጋባይቱ 10 ዶላር፣ እስከ 100 ዶላር ድረስ ያስከፍል ነበር። ገደቡ ቀደም ብሎ በ2013 ከተሞከረባቸው ከተሞች አንዷ አትላንታ ናት፤ ኋላም ዴንቨርና ሲያትል ገቡበት። በአብዛኛው የአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ግን ገደቡ ተግባራዊ አልሆነም። ያ አካባቢ የቬራይዘን ፋይበር በብዛት የተዘረጋበት ሲሆን ቬራይዘን ገደብ የለውም። ኮምካስት በ2020 መጨረሻ ገደቡን ወደዚያም ሊያስፋፋ መሆኑን ሲያስታውቅ የማሳቹሴትስ ሕግ አውጪዎችና የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተቃወሙ፤ ኩባንያው እቅዱን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ፤ በዚያው ቀረ። አስቡት፤ በዚያው ክፍል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህት ልጆቿ ፊልም ሲያዩ አትቆጥርም ነበር፤ አትላንታ ያለው ወንድሟ ለዚያው ኩባንያ እየከፈለ በወሩ መጨረሻ ጊጋባይት ይቆጥር ነበር። ገደቡ የተጣለው የመስመር መጨናነቅን ለመከላከል ቢሆን ኖሮ ከፊላደልፊያ ይልቅ አትላንታ የሚጨናነቅበት ምክንያት ሊኖር ይገባ ነበር።

የኬብል ቴክኒካዊ ድክመትም መነገር አለበት፤ ለእኛ ማኅበረሰብ በተለይ የሚሰማ ነውና። ለቴሌቪዥን የተሠራ ገመድ ወደ ቤት የሚገባውን እንዲያበዛ፣ ከቤት የሚወጣውን እንዲያሳንስ ሆኖ የተቀየሰ ነው። በ500 ሜጋ ቢት የሚያወርድ መስመር ወደ ውጭ ሲልክ በ20 ሊወሰን ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ካሉ ወላጆች ጋር በቪዲዮ ሲነጋገሩ፣ ልጆች ከቤት ሲማሩ፣ በቤት የተቀረጸ ጉባኤ ሲተላለፍ የሚያስፈልገው የሚወጣው ነው። ደግሞም የአንድ ሰፈር ቤቶች አንድ መስመር ስለሚጋሩ ምሽት ላይ ሁሉም ሲከፍት ፍጥነቱ ይወርዳል። ፋይበር ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ኬብሉን የማሻሻል ሥራ በየቦታው ተጀምሯል፤ ተወዳዳሪ ባለበት ቢቀድም አያስገርምም።

ቻታኑጋ፣ ቴነሲ፣ ሌላ ነገር ይቻል እንደነበር አሳይታለች። የከተማዋ የመብራት ድርጅት ኢፒቢ የሕዝብ ንብረት ነው። የመብራት መረቡን ለማዘመን ካገኘው 111.6 ሚሊዮን ዶላር የፌዴራል ድጋፍ ጋር በሁሉም ደንበኞቹ ደጃፍ ፋይበር ዘረጋ፤ በ2010 በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት የሚያደርስ አገልግሎት ለመላው ክልሉ አቀረበ። ያን ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ይህን አያልሙትም ነበር። የኬብል ኢንዱስትሪው አስቀድሞ በፍርድ ቤት ሊያስቆመው ሞክሮ አልተሳካለትም። ድርጅቱ በ2020፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት፣ ለ28,000 ያህል የዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች ነፃ ኢንተርኔት የሚያደርስ ፕሮግራም ከአጋሮቹ ጋር ጀመረ። በዙሪያው ያሉ የገጠር ነዋሪዎች ወደ እኛም ይምጣ ብለው ለመኑ፤ የቴነሲ ሕግ ግን ከመብራት ክልሉ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። የፌዴራሉ ኮሚሽን በ2015 ይህን ዓይነት ክልከላ ለመሻር ቢሞክርም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 ሥልጣን የለህም አለው። ዛሬም ከአሥራ አምስት የማያንሱ ግዛቶች ከተሞች የራሳቸውን ኢንተርኔት እንዳይዘረጉ የሚከለክል ወይም የሚያከብድ ሕግ አላቸው። የግል ኩባንያ የማይመጣበትን ሰፈር የሕዝብ ድርጅት እንዳይደርስበት መከልከል ለማንም የሚጠቅም ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

በቅርብ ዓመታት ግን ነገሩ ተነቃንቋል፤ ያነቃነቀውም ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ቲ-ሞባይልና ቬራይዘን በስልክ ማማዎቻቸው በኩል የቤት ኢንተርኔት መሸጥ ጀመሩ፤ መሣሪያውን መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ቁፋሮም ቴክኒሻንም አይፈልግም። በ2024 መጨረሻ የሁለቱ ደንበኞች ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። እያንዳንዳቸው 30 ሚሊዮን ያህል የኢንተርኔት ደንበኞች ያሏቸው ኮምካስትና ቻርተር ደንበኛ ማጣት ጀመሩ። በ2025 ኮምካስት ለአምስት ዓመት የማይለወጥ ዋጋ፣ ገደብ የሌለው ዳታና የሞደም ኪራይ የተካተተበት አቅርቦት ይዞ ቀረበ። ደንበኞች ለአሥር ዓመት ሲጮኹበት የኖሩት ጉዳይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቻል ሆነ። መስመሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደንበኛው መሄጃ ማግኘቱ ነው። ሆኖም የማማው ኢንተርኔት በየቦታው አስተማማኝ አይደለም፤ ማማው ሲጨናነቅ ይዘገያል፤ በአንዳንድ አድራሻም ቦታ ሞልቷል ተብሎ ምዝገባው ይዘጋል።

መንግሥት ዋጋውን ለመቋቋም የወሰደው ትልቁ እርምጃ በአንጻሩ ፈርሷል። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በወር 30 ዶላር ይከፍል የነበረው ፕሮግራም 23 ሚሊዮን ቤተሰቦችን አቅፎ ነበር፤ የምግብ ድጋፍ ወይም ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ሁሉ ይገባበት ስለነበር አዲስ ገቢ ቤተሰቦችን በእጅጉ የሚመለከት ነበር። ኮንግረስ ገንዘብ አልጨመረለትም፤ በሰኔ 2024 መጀመሪያ ቆመ። ፕሮግራሙ ሲኖርም ቢሆን ገንዘቡ የሚገባው እዚያው ብቸኛ አቅራቢ ኪስ ነበር፤ ዋጋን የሚያወርድ ውድድር አላመጣም። በዚህ ምክንያት አልነቅፈውም፤ ለብዙ ቤት መብራት ከመክፈልና ኢንተርኔት ከመክፈል አንዱን ከመምረጥ አድኗል። ምንጩን ግን አልነካም።

ለአንድ ቤተሰብ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ትላልቅ አቅራቢዎች በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዳለው ዓይነት ሠንጠረዥ እንዲያሳዩ ግዴታ አለባቸው፤ የማስተዋወቂያው ዋጋ መቼ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ ስንት እንደሚሆን፣ ወደ ውጭ የሚላከው ፍጥነት ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከመፈረም በፊት ይህን ሠንጠረዥ ጠይቁ። የራሳችሁ ሞደም ካላችሁ ኪራይ ማስከፈል በ2019 መጨረሻ በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሂሳቡን መርምሩ። ስልክ ላይ መጨቃጨቅ ሲሰለች ለፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በነፃ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት፤ ጉዳዩም ብዙ ጊዜ ከተራው የስልክ ሠራተኛ ከፍ ወዳለ ክፍል ይደርሳል። እንግሊዝኛው የሚፈስላችሁ ልጆች፣ ይህን ለወላጆቻችሁና ለጎረቤት አዛውንቶች አድርጉላቸው።

ይሁንና ሁለተኛውን ገመድ የሚያመጣው የአንድ ቤት አቤቱታ አይደለም። መንገድ ሲቆፈር ባዶ ቱቦ አብሮ ይቀበር ወይስ አይቀበር፣ የምሰሶ ፈቃድ በስንት ቀን ይሰጥ፣ ከተማው የራሱን መረብ ይዘርጋ ወይስ ያከራይ የሚሉት ውሳኔዎች የሚሰጡት በከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ነው፤ እኛ ደግሞ በእነዚህ ስብሰባዎች ብዙም አንታይም። ፎርት ኮሊንስ፣ ኮሎራዶ፣ በ2017 ከተማዋ የራሷን ኢንተርኔት እንድትዘረጋ ለሕዝብ ድምፅ ስታቀርብ፣ በኬብል ኢንዱስትሪው የተደገፈው ተቃዋሚ ወገን ከ900,000 ዶላር በላይ አወጣ። ደጋፊዎቹ የነበራቸው ጥቂት ሺህ ዶላርና በየቤቱ የሚያንኳኩ ነዋሪዎች ነበሩ። ሕዝቡ አጸደቀው። ግንባታው ከታሰበው በላይ ቢዘገይም የከተማዋ ፋይበር ከ2019 ጀምሮ ወደየቤቱ መግባት ጀመረ።